«ልጄ የቤት ጉዳይ አጠናለሁ አለችኝ»



ባለፈው ወር ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጊድ ስወጣ አንድ አባት በር ላይ ጠበቁኝ። ሴት ልጃቸውን በመድረሳ ቁርኣን፣ በትምህርት ቤት ደግሞ ጂኦግራፊ አስተምሬያታለሁ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን ዓመት አጠናቃለች፤ የምትቀጥልበትን የትምህርት ክፍል ለመምረጥም ጥቂት ቀናት ቀርተዋታል።

«ኡስታዝ» አሉኝ እጄን ሳይለቁ፤ «ውጤቷ ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ሐኪም ትሆናለች ብዬ ዱዓ ሳደርግ፣ እሷ የከተማ ፕላን ተምሬ በቤት ፖሊሲ ላይ እሠራለሁ ትለኛለች። ቤት መገንባት ማለትሽ ነው ወይ ብላት፣ አይደለም አባዬ፣ ቤት ለማን፣ የት፣ በምን ዋጋና በምን ዓይነት ውል ይሰጥ የሚለውን ማጥናት ነው አለችኝ። ለመሆኑ ይሄ ሙያ ነው? እባክህ ቤት መጥተህ ምከርልኝ።»

በማግስቱ ሄድኩ። አባትየው ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አልታገሡም፤ የሚያስፈሯቸውን ሦስት ነገሮች በጣታቸው ቆጠሩልኝ። «አንደኛ፣ የቤትና የመሬት ቢሮ የጉቦ ቦታ ነው ይባላል። ሁለተኛ፣ ቤት ዛሬ ያለ ወለድ አይገኝም። ሦስተኛ፣ ሐኪም ብትሆን ሰው ይጠቀምባታል፤ ይሄኛው ግን ወረቀት መጻፍ ነው» አሉ።

ሁለተኛውን ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ። በ1997 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ በአዲስ አበባ በተካሄደ ጊዜ እሳቸውም ቅጽ ለመውሰድ ተሰልፈው ነበር። ተራቸው ደርሶ ቀሪው ዋጋ በባንክ ብድር ከነወለዱ እንደሚከፈል ሲሰሙ ወረፋውን ጥለው ወጡ። «ጓደኞቼ ዛሬ የቤት ባለቤት ናቸው። እኔ በነዚህ ሃያ ዓመታት አምስት ጊዜ ቤት ቀይሬአለሁ። ለአላህ ብዬ የተውኩት ነውና አልጸጸትም። ነገር ግን እኔ የሸሸሁትን ነገር ልጄ ሄዳ ልትሠራበት ነው?»

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ታዳምጥ ነበር። ያን ዕለት ለአባትና ለልጅ የነገርኳቸውን፣ ሌሎች ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚያነሱ፣ ለዚህ ወር ዓምዳችን አዘጋጅቼዋለሁ።

ቤት በዲናችን

በመጀመሪያ ያነሳሁላቸው ቤት በእስልምና ያለውን ቦታ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል ጸጋዎቹን ሲቆጥርልን፣ ቤቶቻችንን ማረፊያና መርጊያ እንዳደረገልን ያወሳል። በዐረብኛው እዚያ የገባው «ሰከን» የሚለው ቃል ልብ የሚረጋበትን «ሰኪናን» ከምንጠራበት ሥር የወጣ ነው። ኢብኑ ሒባን በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰው ልጅ የደስታ ምክንያቶች መካከል ሰፊ መኖሪያንና መልካም ጎረቤትን ቆጥረዋል። ሱረቱ አን-ኑር ወደ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባትን ትከለክላለች። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስም ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለያይ ታዝዘናል።

እንግዲህ እስቲ ይህን የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶችና አንዲት አያት በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። እናትየው ማታ ማታ መጋረጃ ትጋርዳለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ግን ሌላ ክፍል የለም። ይህች እናት የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ንቃ ነው? አይደለም፤ የክፍሏ ስፋት ወስኖባት ነው። የክፍሏን ስፋት፣ ኪራዩንና የሚቆዩበትን ጊዜ የወሰነው ደግሞ አንድ ቀን አንድ ቦታ የተጻፈ ደንብ ነው። ስለ ልጆቻችን ተርቢያ ስንጨነቅ ይህን ደንብ ማን እንደሚጽፈው አለመጠየቅ፣ ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን ብቻ እንደ መወልወል ነው።

ደንብ ቤተሰብን እንዴት ይለውጣል?

የቤት ፖሊሲ የሚባለው ነገር ሩቅ አይደለም። በአያቶቻችን፣ በአባቶቻችንና በራሳችን ዕድሜ የደረሰብንን ማስታወስ ይበቃል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አነስተኛ ኪራይም ተቀነሰ። ብዙ ድሃ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ በመሐል ከተማ፣ ከሥራው፣ ከመስጊዱና ከዕድሩ ሳይርቅ መኖር ቻለ፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት በዚያው በጥቂት ብር ስለቆመ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አልተገኘም፤ ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ መጸዳጃው ሞላ። በመልካም ሐሳብ የተጀመረ ነገር ሒሳቡ ካልተሠራለት የት እንደሚደርስ ከዚህ እንማራለን።

የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ሲመጣ በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብቻ ከ450 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚል ተከፍሎ እንደገና ተካሄደ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ቤተሰቡ ቆጥቦ የሚያቀርበው፣ ሁለተኛው በባንክ ብድር የሚሸፈነው መቶኛ ነው። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለይቶ በመያዙ ብዙ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ቁልፍ ተረክበዋል። ይህን ማንም ወስኖ ባይጽፈው ኖሮ አይሆንም ነበር። በየግቢው ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለሰርግና ለለቅሶ እንዲያገለግል የጋራ ሕንጻ እንዲሠራም ታስቦ ነበር፤ ይህን ያሰበ ሰው የእናቶቻችንን ኑሮ ያውቃል። በሌላ በኩል ደግሞ ከመሐል ከተማ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ሲደርሱ ቤት አገኙ፤ ደንበኛቸውን፣ ዕድራቸውን፣ የልጆቻቸውን መድረሳ ግን ጥለው ሄዱ። ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው አዛውንት የሱብሒን ጀማዓ የሚናፍቁት ከመስኮት ሆነው ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች የተነሡ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ሄደዋል፦ ቤቱ ቢሰጠንስ ጉርብትናችንን ማን ይሰጠናል?

በዚያው በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ጸደቀ። የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት ያላነሰ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገገ። ሁለት ዓመት ማለት ለተከራይ ልጅ ምን ማለት ነው? በአንድ መድረሳ ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ መቅራት ማለት ነው። በአንጻሩ ኪራዩን ለዕለት ጉርሷ የምትጠብቅ ባልዋ የሞተባት አከራይም አለችና፣ የእሷም ሐቅ በሚዛኑ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህን ሚዛን ማስተካከል እንግዲህ የቤት ፖሊሲ ባለሙያ የዕለት ሥራ ነው። «ወረቀት መጻፍ» ያሉት አባት እዚህ ላይ ስደርስ ፈገግ አሉ።

የቀደምቶቻችን ሥራ

ይህ ሙያ ለሙስሊሞች አዲስ አይደለም። በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ ኩፋ ስትቆረቆር ሰዎች ቤታቸውን በሸምበቆ ሠሩ፤ እሳት ተነሥቶም አወደመው። በጡብ ለመሥራት ዑመርን (ረ.ዐ) ሲያስፈቅዱ ፈቀዱላቸው፤ ነገር ግን ማንም ከሦስት ክፍል በላይ እንዳይሠራና በከፍታ እንዳይፎካከሩ አዘዙ። አጥ-ጦበሪ እንደዘገቡት ዋና ዋና መንገዶች 40 ክንድ፣ ቀጣዮቹ 30፣ ከዚያ በታች ያሉት 20፣ መተላለፊያዎች ደግሞ 7 ክንድ እንዲሆኑ ተወሰነ። የመንገድ ስፋት፣ የቤት መጠን፣ የእሳት መከላከያ፣ በሀብታምና በድሃ መካከል ያለ ልክ፤ ዛሬ የቤት ፖሊሲ የምንለው ይኸው ነው።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በቱኒስ ይኖር የነበረውን ኢብኑ አር-ራሚንም ላስታውሳችሁ። ይህ ሰው ግንበኛ ነበር። ቃዲው ጎረቤቶች በተጣሉ ቁጥር እሱን እየላከ ያስመረምር ነበር፦ መስኮቱ የጎረቤትን ግቢ ያሳያል ወይ? የጋራ ግድግዳው የማን ነው? ፍሳሹና ጭሱ ማንን ይጎዳል? ኢብኑ አር-ራሚ በእጁ የሚያውቀውን ግንባታና ከማሊኪ ፉቀሃእ የተማረውን ሕግ አንድ ላይ አድርጎ ስለ ሕንጻ ሕግጋት መጽሐፍ ጻፈ። መዶሻና ኪታብ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው። የእኛም ልጆች የመድረሳውንና የዩኒቨርሲቲውን ትምህርት ማጣመር ሲችሉ ለምን አንዱን ትተው አንዱን ይያዙ?

ሦስቱ ስጋቶች

ወደ አባትየው ስጋቶች እንመለስ። ስጋታቸው ከኢማን የመነጨ ነውና በችኮላ የሚታለፍ አይደለም።

የመጀመሪያው ጉቦ ነው። እውነት ነው፣ መሬትና ቤት ባለበት ፈተና አለ። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የ14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ወጥቶባቸው ከታየ በኋላ፣ በተመዝጋቢዎች መረጃ ላይ ማጭበርበር በመገኘቱ ተሰረዘ። ለዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ስማቸውን አይተው ሰግደው አመስግነው ነበር፤ በቀናት ውስጥ ደስታቸው ተመልሶ ተወሰደ። ታዲያ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አማና ያለው ሰው ከዚያ ኮምፒዩተር ይራቅ ነው ወይስ ይቅረብ? ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የምድሪቱን ግምጃ ቤቶች በኃላፊነት ይሰጡኝ ብለው የጠየቁት እምነታቸውን የማይጋራ ንጉሥ ፊት ቆመው ነበር። ያቀረቡት ማስረጃም ሁለት ነበር፦ ጠባቂነትና ዐዋቂነት። ጠባቂ ሆኖ ሒሳብ የማያውቅ ይታለላል፤ ሒሳብ እያወቀ ጠባቂ ያልሆነ ደግሞ ያታልላል። ለልጅቱም ይህንኑ ነገርኳት፦ የሰውን መሬት በስንዝር እንኳ የወሰደ በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር ተጠምዝዞ በአንገቱ እንደሚደረግበት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ በደብተርሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሪው። ነገ ሥራሽ ስንዝርን መለካት ነውና።

ሁለተኛው ወለድ ነው። እዚህ ላይ ራሴን አላሞኝም፤ እሷንም አላሞኛትም። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ከአራጣ ጋር የተያያዘው እርግማን በበላውና ባስበላው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ጸሐፊውንና ሁለቱን ምስክሮችም ይጨምራል። ስለዚህ «ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ» ብሎ የሚታለፍ መስመር አይደለም። ይሁን እንጂ የቤት ሙያ አንድ ሥራ ብቻ አይደለም። የሚቆጥር፣ ቦታ የሚያጠና፣ ፕላን የሚያወጣ፣ የተከራይን መብት የሚያረቅ፣ የካሳ ግምት የሚሠራ፣ ያረጀ ሰፈር እንዴት እንደሚታደስ የሚመክር አለ። የወለድ ውል የሚጽፍም አለ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የምትቀጠሪበትን የሥራ ዝርዝር በእጅሽ ይዘሽ፣ ሳትፈርሚ፣ ነገሩን ለሚያውቁ ዑለማእ አቅርበሽ ጠይቂ፤ «ቢሮው ሐላል ነው ወይ» ብለሽ ሳይሆን «የእኔ እጅ የሚሠራው ይህ ነው፤ ምን ትላላችሁ» ብለሽ።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ። አባቷ በተሰለፉበት በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ከወለድ ነፃ የሆነ የባንክ አገልግሎት አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ለባንኮች በመስኮት ደረጃ ፈቀደ፤ በ2011 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ መንገድ ተከፈተ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ሕዝበ ሙስሊሙ ለዓመታት ጠይቋል፤ ጥያቄውን ወደ መመሪያ ቋንቋ የለወጡት ግን ሁለቱንም ዕውቀት የያዙ ሰዎች ናቸው።

በቤት በኩልም እንዲሁ ነው። ቤተሰቡና ባንኩ ቤቱን በሽርክና ይገዛሉ እንበል። ለምሳሌ ያህል ዋጋው 1 ሚሊዮን ብር ቢሆን ቤተሰቡ 200 ሺህ፣ ባንኩ 800 ሺህ ያወጣሉ። ቤተሰቡ በባንኩ ድርሻ ላይ ኪራይ እየከፈለ፣ በየዓመቱ 50 ሺህ ብር የሚያወጣ ድርሻ ይገዛል። ድርሻው ሲያድግ ኪራዩ ይቀንሳል፤ በ16 ዓመት ቤቱ ሙሉ በሙሉ የቤተሰቡ ይሆናል። ፉቀሃእ እየቀነሰ የሚሄድ ሙሻረካ ይሉታል። ከብድር የሚለየው በስሙ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ያለ ማንም ጥፋት ቢፈርስ ኪሳራው እንደየድርሻቸው የሁለቱም ነው።

ነገር ግን ይህ ውል በተግባር እንዲሠራ ሕጉ መቀበል አለበት። ባንኩ ሲገዛ አንድ ጊዜ፣ ለቤተሰቡ ሲያስተላልፍ ደግሞ ሌላ ጊዜ የስም ማዛወሪያ ግብር ቢከፈል ሐላሉ ከሐራሙ ይወደዳል። በእንግሊዝ አገር ያሉ ሙስሊሞች የገጠማቸው ይኸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሕጉ ተሻሽሎ ድርብ ክፍያው ቀረ። በዚያ የተለወጠው የግብር ሕግ አንድ ክፍል ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ግን በር ተከፈተላቸው። እንዲህ ያለውን አንቀጽ ማየት የሚችል ሰው ግብሩንም፣ የቤቱን ገበያም፣ ፊቅሁንም የሚያውቅ ሰው ነው።

ሦስተኛው ስጋት ጥቅሙ ነው። ሐኪም የታመመ ሕፃን ያክማል፤ ጀዛኩሙላህ ኸይር እንላለን። ነገር ግን ያ ሕፃን ተመልሶ መስኮት ወደሌላትና እርጥበት ወደሞላባት ክፍል ይገባል፤ እንደገናም ያስላል። ሁለቱም ሙያዎች ያስፈልጉናል። ሴት ልጅ በየሰፈሩ ስትዞር የሚከብዳቸው ወላጆች ካሉ ደግሞ ይህን ያስቡ፦ ባል ሥራ በሄደበት ሰዓት ቤት አንኳኩቶ የሚጠይቅና የሚለካ ወንድ ስንት እናቶች ያስገቡታል? ሒጃብ የለበሰች እህት ግን ከወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ቡና እየጠጣች፣ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ልጆቹ የት እንደሚተኙ ታውቃለች።

መንገዱ

ለዚህ ሙያ የሚያደርሱ በሮች ብዙ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ልደታ ላይ የሥነ ሕንጻ፣ የሕንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ትምህርት ይሰጣል። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተመሠረተው የኢትዮ-ስዊድን የሕንጻ ተቋም ይነሣል። በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም በከተማ ልማትና በመሬት አስተዳደር ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ፣ ስታትስቲክስ፣ ሶሲዮሎጂና ምሕንድስና የተማረም ከዚሁ ሜዳ ይደርሳል። ሥራው የሚገኘው በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ በከተማ ቤቶች ቢሮ፣ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን፣ በስታትስቲክስ አገልግሎት፣ በባንኮች፣ በእርዳታ ድርጅቶች ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ድርጅት፣ ዩኤን-ሐቢታት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከጎረቤታችን ከናይሮቢ ነው።

ከዲግሪው በፊት ግን ሊለመድ የሚገባው ነገር መቁጠር ነው። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር ፈርሶ ስንት እንደተሠራ እናንተው ታውቃላችሁ። ያልተቆጠረ ችግር ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

ይህን የማነሳው በክፍሌ ከደረሰው ነገር ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼ ቤታቸውን በሲባጎ ለክተው፣ የሚኖሩበትን ሰው ቆጥረው እንዲመጡ የቤት ሥራ ሰጠሁ። በማግስቱ እየተነሡ እንዲያነቡ አዘዝኳቸው። አንድ ልጅ ተራው ሲደርስ «ቲቸር፣ የእኛ ቤት አይለካም» ብሎ ተቀመጠ። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የሰውን ገመና በአደባባይ ጠየቅኩ። ወረቀቱን ያለ ስም እንዲሰበሰብ አደረግሁ፤ የሰበሰበችውና በሠንጠረዥ ያወጣችው ይህቺው ልጅ ናት። ዩኤን-ሐቢታት በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ የሚኖርበትን ቤት የተጨናነቀ እንደሚለው ነግሬያቸው ስለነበር፣ በዚያ መለኪያ ስታየው ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቿ ከመስመሩ በታች ወደቁ። «ቲቸር፣ የሳቁትም አሉበት» አለችኝ። ይህን ሙያ የመረጠችው ያን ቀን ይመስለኛል።

ስለዚህ ይህን መንገድ የምታስቡ ወጣቶች ሆይ! ዛሬውኑ አንድ ደብተር ያዙ። በመንገዳችሁ ላይ ያሉ አሥር ቤቶችን፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ፣ ስማቸውን ሳትጽፉ መዝግቡ፦ ስንት ክፍል፣ ስንት ሰው፣ ኪራዩ ስንት፣ ውሉ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል፣ ውኃው ከየት ነው፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ጊዜ ቤት ቀየሩ። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ አትሽሹ፤ አዋጆችን በአማርኛ አንብቡ፤ ከዑለማእም የግዢን፣ የኪራይን፣ የሽርክናንና የወቅፍን ፊቅህ ቅሩ። የቀበሌ ቤት፣ የኪራይ ቤትና የኮንዶሚኒየም ልዩነት ሲጠየቅ መልስ የምትሰጡ ሁኑ፤ ጎረቤታችሁ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ የቤት ችግሩ አንድ ነውና ዕውቀታችሁ ለሁሉም ይድረስ።

ያን ዕለት ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ መግሪብ ተቃርቦ ነበር። አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው እንዲህ አሏት፦

«ያኔ ወረፋዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቆም፣ ያለ ወለድ የሚከፈልበት ሌላ መንገድ የለም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። መዝጋቢዋ ልጅ ክፉ አልነበረችም። ‹አባባ፣ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው› አለችኝ። አልተቀየምኳትም። ከሷ በላይ ያሉትም የሚያውቁት ያንኑ ብቻ ነበር መሰለኝ።» ትንሽ ቆዩና «በይ ምረጪ። ነገር ግን አንድ ቃል ግቢልኝ፤ የማታውቂውን ሳትጠይቂ አትፈርሚ» አሏት።

ልጅቱ «ኢንሻአላህ አባዬ» አለች። አዛን ተባለና ተነሣን።

አላህ (ሱ.ወ) ቤት ላጡ ወገኖቻችን ሰፊ መኖሪያ፣ ለልጆቻችንም ጠቃሚ ዕውቀትና አማና ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ